እናቴን የሰለልኩበት መዝሙር

እናቴ ያ መዝሙር የራሷ እንዳልነበረ ታውቅ ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። አንዳንድ ጠዋት "እንዴት አታውቅም!" ብዬ እነሣለሁ፤ በዚያው ቀን ወደ ማታ ደግሞ "በምን ታውቃለች?" እላለሁ። ያለ ማስረጃ መናገር አልወድም። ማስረጃ ስሰበስብ ያደረግሁት ነገር ግን ከመናገር የከፋ ነበር።

መዝሙሩን ዳላስ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ "የእማማ መዝሙር" ይለዋል። አራት አንጓና አንድ አዝማች አለው። ቤተ መቅደስ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሦስት ጊዜ የተጠራውን ልጅ ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን፤ መዝሙሩ ያንን ታሪክ ወደ ዘማሪው ያዞረዋል። ሦስት ጊዜ ተጠርቼ የሰው ድምፅ መስሎኝ ተኛሁ፤ በአራተኛው ግን መብራቱ ሳይጠፋ፣ ጫማዬንም ሳላጠልቅ ተነሣሁ፤ የአዝማቹ ነገር ይህ ነው። ዜማው ዝግ ያለ ነው። "ተነሣሁ" ላይ ሲደርስ ብቻ ብድግ ይልና መልሶ ይቀመጣል።

እናቴ የመዝሙሩን አመጣጥ ስትጠየቅ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፣ ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳትቀንስ፦ "ድንኳኑ በፈረሰ በማግስቱ፣ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል፣ ከነዜማው መጣልኝ።"

ድንኳኑ የአባቴ የለቅሶ ድንኳን ነው። አባቴ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ገደል ገብቶ ሲሞት እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ወንድሜ የስድስት ወር ሕፃን ነበር። በዚያው ሳምንት እናቴ ከአምስተኛ ክፍል አስወጣችኝና ሕፃኑን አስታቅፋኝ ሥራ ፍለጋ ወጣች። ስለዚህ መዝሙሩና ከትምህርት ቤት መቅረቴ የአንድ ሳምንት እኩዮች ናቸው። ለምን ይህን ያህል ዘግይተሽ ተማርሽ ለሚለኝ ሰው "እናቴ መዝሙሩን በተቀበለች ጊዜ ነው ያቋረጥኩት" እል ነበር። አንዱ የሄደው ሌላው እንዲመጣ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት። እንዲያ ብለው ሲይዙት ይቀላል።

መዝሙሩ ከቤታችን የወጣው ቤተ ክርስቲያኖች በተዘጉበት በደርግ ጊዜ ነው። ሰው በየሳሎኑ መጋረጃ ጋርዶ፣ ድምፁን ቀንሶ ይዘምረው ነበር። ኋላ አንድ የመዘምራን ቡድን የማንንም ስም ሳይጠቅስ በካሴት አወጣው። እኛ ዳላስ ስንደርስ ቀድሞን ደርሶ ጠበቀን። የመዝሙሩ ባለቤት እናቴ መሆኗ የታወቀ እሑድ ጉባኤው ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመላት።

እኔ ዳላስ አጠገብ አዲሰን ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ኤድ፣ የነርሶች ረዳት፣ ነበርኩ፤ ከሥራ ስወጣ ኮሌጅ እሄዳለሁ። በአርባ አንድ ዓመቴ ከልጆች ጋር ተቀምጬ የእንግሊዝኛ ድርሰት እማር ነበር። አስተማሪያችን በየወረቀቴ ዳር በቀይ "ማስረጃሽ የታል?" ብሎ ይጽፍብኛል። ሌሎቹ ይናደዱበታል፤ እኔ ወደድኩት። ቀስ በቀስ ጠባዬ ሆነ።

በመጦሪያው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት በጎ ፈቃደኛ እየመጣች በአክቲቪቲ ሩሙ፣ አረጋውያኑ በሚዝናኑበት ክፍል፣ ፒያኖ ትመታለች። ሰባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ወገቧ ያልጎበጠ፣ አነጋገሯ የተመጠነ ቴክሳናዊት። አረጋውያኑ ዊልቸራቸውን አስጠግተው የአያቶቻቸውን መዝሙር ይዘምራሉ። እኔ በዚያ ሰዓት አንዱን ሳነሣ፣ ሌላዋን ሳስቀምጥ ብዙም አልሰማም። በፈረንጆቹ 2007 መከር ላይ፣ ለአንዲት ሴትዮ ካልሲ ሳጠልቅላት፣ የእናቴ መዝሙር መጣ።

መጀመሪያ አንገቴን ቀና አደረግሁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ካልሲውን በእጄ ይዤ ቆምኩ። ዜማው ያው ነው። እኛ "ተነሣሁ" በምንልበት ቦታ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። ቃሉን ጆሮዬ ለቃቀመ፦ ሦስት ጊዜ፣ መብራት፣ ጫማ። ኢትዮጵያ በየት በኩል እንደሆነች የማያውቁ የዘጠና ዓመት ሰዎች የእናቴን መዝሙር ከልባቸው ይዘምራሉ።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ያሰብኩት ይኸው ነው። ሰረቁን አልኩ።

እንዲያው በባዶ ሜዳም አልነበረም። ፒያኖ መቺዋ ከጥቂት ሳምንት በፊት አገሬን ጠይቃኝ ስነግራት፣ አክስቷ በወጣትነቷ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚስዮን ሆስፒታል ነርስ እንደነበረች አጫውታኝ ነበር። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አክስቲቱ መዝሙሩን ሰምታለች፤ አስተርጉማ ይዛው መጥታለች፤ እዚህ ፈረንጅ ስሙን ለጥፎበታል። አክስቲቱ ኢትዮጵያ የነበረችበት ዘመንና አባቴ የሞተበት ዓመት ይገጥማል አይገጥምም ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ማስረጃሽ የታል የሚለው ጥያቄ ለሰው እንጂ ለራስ አይጠየቅም ያለኝ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል ወጣው። ኮሌጅ እንዳስተማሩኝ ክርክሬን ከላይ አስቀመጥኩ፤ ምክንያቶቼን በተራ ደረደርኩ፤ መጨረሻ ላይ እናቴ ስሟ እንዲጠራላት እንጂ ሌላ እንደማትፈልግ ገለጽኩ። እናቴ ስለ ደብዳቤው የሰማችው ነገር አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ፒያኖ መቺዋ ገና ኮቷን ሳታወልቅ ሰጠኋት። ፒያኖው ወንበር ላይ ተቀምጣ አነበበችው፤ ስትጨርስ ገልብጣ ጀርባውንም አየች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። "ሃኒ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ እናወራለን" አለችኝና ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ያን ቀን የእናቴን መዝሙር ሳትመታ ቀረች። ይኸው፣ ጥፋቷ ቢገባት ነው አልኩ።

በሳምንቱ ጀርባው የተገነጠለ፣ በላስቲክ የታሰረ መጽሐፍ ይዛ መጣች። የአያቷ ነበር። ገለጠችና ጣቷን አኖረች። በፈረንጆች የመዝሙር መጽሐፍ ከአርእስቱ ሥር በግራ ግጥሙን የጻፈው፣ በቀኝ ዜማውን የሠራው ሰው ስም በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል፤ ከአጠገቡ ዓመቱ ይቀመጣል። ዓመቱ በአሥራ ስምንት መቶ ይጀምራል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት። የኅትመት ስሕተት እንዳይሆን ሌሎች ገጾች ገልጬ አመሳከርኩ።

"አክስቴ ወደዚህ አላመጣችውም፣ ሃኒ" አለች በመጨረሻ። "ወደዚያ ይሆናል የወሰደችው።"

ይቅርታ ጠየቅኋት። ለእናት ጠበቃ መቆም ነውር እንደሌለው፣ ደብዳቤውም በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ እንደሆነ ነገረችኝና መለሰችልኝ። ሙገሳዋ ከስድብ አልተናነሰብኝም።

ቤቴ ደርሼ መኪናዬን ፓርክ አደረግሁና ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። እነሱ ካልሰረቁ ሌላ የሰረቀ አለ ማለት ነው።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ፊደል የቆጠረችውም ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። የተጠራው ልጅ ታሪክ ከቅዱሱ መጽሐፍ ነው፤ መብራቱም እዚያው አለ፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በየፊናቸው ሊያነሡት ይችላሉ። ጫማ ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም። አንድ የጥንት አሜሪካዊና አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ሳይነጋገሩ ያንን ጫማ ከየት አመጡት? የኛን ሰዎች ብጠይቅ አንዱ መንፈስ ነው ለሁለቱም የሰጠው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ምናልባት። ይህን መልስ ግን አስተማሪዬ ቢያነበው ዳሩ ላይ ምን እንደሚጽፍበት ደግሞ የበለጠ አውቃለሁ።

ከዚያም አንድ ክር ሲሳብ ሌላው ይከተል ጀመር። መዝሙሩ በዚያ ሳምንት ካልመጣ እኔ ከትምህርት የቀረሁት በምን ሳምንት ነው? እንዲህ ያለውን ነገር ካሳመረችው ሌላውንስ? ስለ ልጅነቷ የነገረችን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ሀብታም አጎቷ ቤት ተቀማጥላ አድጋለች። ከዚያ ወዲያ ቢጠይቋት ወሬ ትለውጣለች። ሠላሳ ዓመት ያልጠረጠርኩትን ያን ወሬ መለወጧን አሁን መቁጠር ጀመርኩ።

እናም እናቴን መሰለል ያዝኩ።

መጀመሪያ ታሪኩን ደጋግሜ አስነገርኳት። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንደ ዋዛ፣ እማዬ ያ መዝሙር እንዴት ነበር የመጣልሽ እላታለሁ። ድንኳኑ በፈረሰ በማግስቱ፣ ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል፣ ከነዜማው መጣልኝ። ሁለት ሳምንት አሳልፌ፣ ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ፣ እንደገና። ያው ነው፤ "በማግስቱ" የምትለው እንኳ ቦታውን አይለቅም። እውነት የሚናገር ሰው አንድ ቀን ይረሳል፣ አንድ ቀን ይጨምራል። እንዲህ የሸመደደ ሰው የሚደብቀው አለው ብዬ ደመደምኩ።

ቀጥሎ ከፒያኖ መቺዋ ሌሎች አምስት የጥንት ዜማዎች ለቀምኩና ዕቃ ሳጥብ እያንጎራጎርኩ ጆሮዬን ወደ ሳሎን ማቆም ጀመርኩ። ሦስቱ ላይ ዝም አለች። አራተኛው ላይ፣ ከሶፋው ሳትነሣ፣ "እዚያ ጋ ወደ ታች ነው የሚሄደው" አለችኝ።

እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። የት እንደምታውቀው ጠየቅኋት። እንጃ፣ ጆሮ አይረሳም አለች። ትንሽ ቆይታም ማንም ሳይጠይቃት፣ ፈርጠም ብላ፣ "እኔ ምንም ነገር አልረሳም" አለች። እኔ የሰማሁት ያዝኳት የሚለውን ብቻ ነበር።

በፈረንጆቹ 2008፣ ሐምሌ ላይ፣ ዳላስ ታላቅ ጉባኤ ተዘጋጀ። ከየከተማው ያሉ የኛ ቤተ ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡበት ስለነበር ሽማግሌዎቻችን እናቴን ሊያከብሯት አሰቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የሕይወት ታሪኳን እኔ እንድጽፍ አዘዙኝ። ማን ከልጅ የበለጠ ያውቃታል አሉ። ለአንድ ግሥ አንድ ሳምንት ፈጀሁ። "የደረሰችው" ብል ውሸት ነው። "የተረጎመችው" ብል እንግሊዝኛው ከየት መጣ? በመጨረሻ "ለጉባኤው ያስተማረችው መዝሙር" ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ ውስጥ ማንም ውሸት መንቀስ አይችልም፤ ኮርቼበት ነበር።

የታተመው ወረቀት ሲመጣ "ከእግዚአብሔር ተቀብላ የደረሰችው" ይላል፤ ከሥሩ የኔ ስም አለ። ጋሼ ጋ ሄድኩ።

"ልጄ፣ ለእናትሽ ሰሰትሽ" አሉኝ፣ ትከሻዬን እየመቱ። "እሱን እኔ ሞላሁልሽ።"

በጉባኤው ቀን እናቴን መድረክ ላይ አወጧትና ጋቢ አለበሷት። ማይክራፎን ሲሰጧት ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ሁሉም ቆሞ ዘመረ። ሦስተኛው አንጓ ላይ ዓይኗ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፈልጎ አገኘኝ። አፌ እንደተዘጋ አየች። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ፍርሃት ነበር። እኔም፣ ይኸው፣ ማወቄን አወቀች አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁን ወጥመድ ያጠመድኩት። በጥቅምት አንድ ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ የምሠራበትን ቦታ ላሳይሽ ብዬ ወሰድኳት። ፒያኖ መቺዋን ያንን መዝሙር እንድትመታልኝ አስቀድሜ ለምኛታለሁ። ሐሳቤ የእናቴን ፊት ማየት ነበር። ድንገት ስትሰማው ወይ ትደነግጣለች፣ ወይ ትደሰታለች፣ ወይ ትዘምራለች፤ ሦስቱም መልስ ነው።

ከሦስቱ አንዱንም አላደረገችም። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨበጠች። ጁስ ሲያመጡላት እጇን አልዘረጋችም። አጠገቧ ያሉትን አሮጊት አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ ፕሬዚዳንታችን ማን ነው እያለች ትጠይቃቸዋለች፤ መልሱ ጠፍቷቸው ይሥቃሉ። እናቴ እንግሊዝኛውን ባታውቅም ነገሩ የገባት ይመስል ነበር። መዝሙሩ ሲጀመር ፒያኖውን እንኳ አላየችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ከንፈሯ ተገጥሟል። ሌባ የተያዘ ቀን እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ በሆዴ።

ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ እነዚያ ሰዎች ልጆች የሏቸውም ወይ አለችኝ። አሏቸው አልኳት። እንግዲያው ለምን እዚያ ተቀመጡ አለች። እኔ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበረ ለማንም የምመልሰውን መለስኩላት፤ ልጆቻቸው ሥራ ይውላሉ፣ ወላጆቹ መርሳት ሲጀምሩ ቤት ውስጥ መያዝ ይከብዳል። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው ያ የጠዋት ነገር የጀመረው። ቁርስ ላይ ከተፍ ትልና "ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር አራት፣ በነሱ ኖቬምበር አሥራ ሦስት" ትለኛለች። ከምርጫው በኋላ ደግሞ አዲሱ ፕሬዚዳንት ገና ቤቱ እንዳልገባ፣ ያሁኑ ስሙ ማን እንደሆነ፣ የሚመጣውም ማን እንደሆነ ትዘረዝርልኛለች። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። የቤቱን ስልክ ቁጥር ሻይ እየቀዳች በቃሏ ትወጣዋለች። ጥፋቷን ልታስረሳኝ ወሬ ታበዛለች ብዬ ይህንንም መዘገብኩት።

በማርች አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ያ በስድስት ወሩ የታቀፍኩት ሕፃን አሁን ፎርት ዎርዝ ይኖራል፤ ከአንድ መጋዘን ዕቃ እየጫነ በከባድ መኪና ስቴት ለስቴት ይመላለሳል።

"እታለም፣ እማዬን ነርሲንግ ሆም ልታስገቢያት ነው እንዴ?"

ማን አለህ አልኩት። ራሷ ኮል አድርጋ ስታለቅስ እንደነበር፣ ሊወስዳትም መንገድ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ክፍሏን ከፈትኩ። ነጠላዋን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ታስሮ እግሯ ሥር ቆሟል። ያ ሻንጣ ከአዲስ አበባ ስንመጣ የተገዛው ነው፤ ከመጣን ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። ምን ሆነሽ አልኳት። ልጅሽ ይምጣና ፊቱ እናወራለን አለችኝ፤ "ልጅሽ" ያለችው ወንድሜን ነው፤ ያሳደግሁት እኔ ስለሆንኩ ሲከፋት እንዲያ ትለዋለች።

በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ገና ከበሩ "ኮሌጅ ገብታ እናቷን ቴስት ማድረግ ጀመረች አሉ" አለ። በሣቅ አላለውም። እናቴ ተነሥታ ሳሎን መጣችና ቆማ ተናገረች።

"አንድ ነገር አሥር ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ አሥር ጊዜ ሳላዛንፍ መለስኩልሽ። በዜማ ፈተንሽኝ፤ አረምኩሽ። ሰው ፊት ስከበር አፍሽን ዘግተሽ እንደ በሽተኛ አየሽኝ። ያንን ቤት ወስደሽ አሳየሽኝ። በየጠዋቱ ቀኑን በኛም በነሱም ነገርኩሽ። ምን ጎደለኝ? ምኑን ረሳሁ?"

አንድ ዓመት ተኩል የለቀምኩት ማስረጃ ሁሉ ተገልብጦ ፊቴ ላይ ወደቀ። ታሪኩን ቃል በቃል የያዘችው መርሳት ጀመረች ብዬ እንዳልፈርድባት ነበር። እዚያ መጦሪያ ወንበር ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ጨብጣ የተቀመጠችውም ጥዬያት የምሄድ መስሏት ነበር። ወንድሜ ሻንጣውን አንሥቶ በሩ ጋ ደርሷል። አሁን ዝም ብል ሄደች ማለት ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥላኝ ልትሄድ ነበር ስትል ትኖራለች። ብናገር ደግሞ ያ ጋቢ፣ ያ መድረክ፣ ሰው ተነሥቶ የቆመላት እሑድ ምን ሊሆን ነው? ለአንድ ሰው እንኳ ሳልናገር የቆየሁት ለዚህ ነበር፤ ወይም ለዚህ ነው እላለሁ።

ነገርኳት። ወንድሜ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ካልሲውን፣ ደብዳቤውን፣ በላስቲክ የታሰረውን መጽሐፍ፣ በአሥራ ስምንት መቶ የሚጀምረውን ዓመት፣ ጫማውን፤ አንድ ሳላስቀር። ሐሙስ የወሰድኳትም ፊቷን ለማየት እንደነበር ነገርኳት።

መጀመሪያ የተናገረው ወንድሜ ነው። "ሶ፣ ማለቴ፣ አሜሪካኖቹን ራሳቸው መዝሙር ሰረቃችሁ ብለሽ በደብዳቤ ከሰሻቸው?" አለና ሣቁ አመለጠው። እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችው።

"ያን ቀን መዝሙር መቱ እንዴ?" አለችኝ።

"ያንቺን።"

"አልሰማሁም። እኔ ሳዳምጥ የነበረው በሩን ነው። ቁጥር ነክተው ነው የሚከፍቱት፤ ቁጥሩን የማያውቅ አይወጣም።"

ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ ማጠፍ ጀመረች። ወደ እኔ ሳታይ፣ ያደግሁት አጎቴ ቤት አይደለም አለች። አጎት የሚባል አልነበራትም። በሚስዮኑ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ የገባችው አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ማጠቢያው ከጸሎት ቤታቸው መስኮት ሥር ነበር። ሰው ገረድ ነበረች እንዳይላት፣ ከሰውም ሰው እኛ ልጆቿ እንዳንላት፣ አጎት ፈጠረች። ይህን የነገረችን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወንድሜ ሻንጣውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

"ይዘምራሉ" አለች። "ምን እንደሚሉ በምን አውቃለሁ?"

ጫማውስ አልኳት። ማቆም አልቻልኩም።

"ያኔ ጫማ የነበረው ማን ነው?" አለች።

ቀና ብላም አየችኝና፣ ድንኳኑን ግን ውሸት ነው እንዳትዪ፤ ሸራውን አጥፈሽ ወንድምሽን አዝለሽ ለዕድሩ የመለስሽው አንቺ ነሽ፣ ረስተሽው ነው አለችኝ። ረስቼው ነበር። ስትናገር የሸራው ክብደትና የእርጥበቱ ሽታ ወደ እጄ መጣ። ያንን ሳምንት የጠረጠርኩት ከሷ ይልቅ የኔ ራስ ባዶ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩና የቀረችኝን አንዲቷን ጥያቄ አወጣሁ።

"እማዬ፣ ፊትሽን ልትታጠቢ ጎንበስ ብለሽ ሲመጣልሽ፣ ከነዚያ ሰዎች መስኮት የሰማሽው እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

ትኩር ብላ አየችኝ። አምስት ወር ሙሉ ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ስትነግረኝ የነበረችው ሴት ዓይኗ ቦታው ነበር፣ ጥርት ብሎ።

"እኔ እኮ አሮጊት ነኝ፣ ልጄ" አለች። "ይረሳኛል።"

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞር ብላ፣ ሻንጣውን ወደ ክፍሏ እንዲመልስና ምሳ በልቶ እንዲሄድ አዘዘችው።